ሲንጋፖርን ራፍልስ አልፈጠራትም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ስለ ባሕር በር ሲወራ ነበር። አንድ ተጋባዥ «ሲንጋፖር የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ ወደብ ያደረጓት እንግሊዞች ናቸው» አሉ። ቀጠል አድርገውም ቅኝ ግዛት ለወደብ ጥሩ እንደነበር ነገሩን። አወያዩ አንድም ጥያቄ ሳያነሳ አለፈ። ይህ ወሬ በየመድረኩ ስለተደጋገመ ብቻ እውነት መስሏል። እውነት አይደለም።

የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ የንግድ ኩባንያ ሹም ስታምፎርድ ራፍልስ እ.ኤ.አ. በጥር 1819 ሲደርስ በደሴቲቱ ላይ የነበረው ሕዝብ ሺህ ቢሆን ነው። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ተማሴክ የምትባል የንግድ ከተማ እዚያ ነበረች። ቻይናዊው ነጋዴ ዋንግ ዳዩዋን ያኔውኑ ስለ እሷ ጽፏል። በ1928 ፎርት ካኒንግ ኮረብታ ላይ የውኃ ማጠራቀሚያ ሲቆፈር የዚያ ዘመን የወርቅ ጌጣጌጥ ወጥቷል። በወንዙ አፍ ላይ ደግሞ ጽሑፍ የተቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ ቆሞ ነበር። እንግሊዞች በ1843 ለግንባታ ቦታ ፈልገው በባሩድ አፈነዱት። የተረፈው ቁራጭ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ጽሑፉን እስካሁን ማንም ሊፈታው አልቻለም። የአገሩን ታሪክ በባሩድ ያፈነዳ ሰው «ታሪክ አልነበራቸውም» ሲል እንዴት ይታመናል?

ይህን ሁሉ እንተወው። ወደብ የሚሠራው የእንግሊዝ ባንዲራ ከሆነ፣ ቤንኩለን ምን ነካት? ቤንኩለን የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በሆነችው በሱማትራ ደሴት ምዕራብ ጠረፍ ላይ ናት። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከ1685 ጀምሮ ወደ 140 ዓመት ተቀምጦባታል። ምሽግ ሠርቶባታል። ራፍልስ ሲንጋፖርን ሲይዝ እንኳ የቤንኩለን ገዢ እሱ ነበር። ያው ኩባንያ፣ ያው ባንዲራ፣ ያው ሰውዬ። ውጤቱ ግን ወጪዋን መሸፈን ያቃታት የቁንዶ በርበሬ ጣቢያ ሆነ። በ1824 ለሆላንድ አስረክበው በምትኳ በዛሬዋ ማሌዥያ ያለችውን የወደብ ከተማ ማላካን ወሰዱ።

ለምን? ቤንኩለን ሕንድ ውቅያኖስንና የደቡብ ቻይና ባሕርን ለሚያገናኘው ለማላካ ሰርጥ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ነው የምትመለከተው። ሲንጋፖር ያለችው ግን በሰርጡ አፍ ላይ ነው። የቻይና መርከቦች በሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ይወርዱ ነበር። የቡጊስ መርከበኞች ከሱላዌሲ በኩል የኤሊ ቅርፊትና ለምግብ የሚሆን የወፍ ጎጆ ጭነው ይመጡ ነበር። ይህ ንግድ እንግሊዝ ሳይመጣ በፊት በማላካና ከሲንጋፖር በስተደቡብ ባሉት በሪያው ደሴቶች ሲጧጧፍ የኖረ ነው። ነጋዴዎቹ ገበያቸውን ይዘው ጥቂት ተሻገሩ፣ በቃ። በ1824 ሕዝብ ሲቆጠር 10,683 ሰው ተገኘ። ከእነዚህ ውስጥ አውሮፓውያኑ 74 ነበሩ። «መሥራቹ» ራፍልስ በሦስት ጉዞው ደሴቲቱ ላይ የቆየበት ጊዜ ተደምሮ ዓመት አይሞላም። ታዲያ ከተማዋን ማን ሠራት?

መሬቱም ቢሆን በንጹሕ እጅ አልተገኘም። ሪያው ላይ ሱልጣን እያለ፣ ራፍልስ ዙፋኑን በማጣቱ የተከፋውን ወንድሙን ሁሴንን አምጥቶ ሱልጣን አለው። በዓመት 5,000 የስፔን ብር ሊከፍለው ቃል ገብቶም ውል አስፈረመው።

«ነጻ ወደብ አድርገዋታል፣ ቀረጥ አልነበረም» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ይሄ ነጋዴ ስቧል። ግን ያለ ቀረጥ መንግሥቱ በምን ኖረ? በኦፒየም፣ ሱስ በሚያስይዘው በሚጨስ ዕፅ። የመሸጥ መብቱን ለነጋዴ በጨረታ ያከራይ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ረጅም ጊዜ ከገቢው ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዚህ ነው። የሚያጨሰው ማን መሰላችሁ? ወንዙ ዳር ጆንያ የሚሸከመው ኩሊና በጸሐይ ሪክሾ፣ ማለትም ሰው የሚጫንበትን ጋሪ፣ የሚጎትተው ቻይናዊ ነው። ወገቡ ሲቆረጥ ሕመሙን ለማስታገስ ያጨሳል። በቀን ያገኛትን ደመወዝ ማታ ጭስ አድርጎ ለመንግሥት ይመልሳል። ቅኝ ገዢዎቹም ይህን አላፈሩበትም። በ1910 ንግዱን ከተከራዮቹ ወስደው ኦፒየሙን ራሳቸው አዘጋጅተው መሸጥ ጀመሩ።