ክራክ ከዚህ አያድንም
«እኛ አገር ዊንዶውሱም ኦፊሱም ክራክ (ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራ ቅጂ) ስለሆነ የነጻ ሶፍትዌር ክርክር አይመለከተንም» የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። እኔ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አምና አንድ አባት የድሮ ጽሑፋቸውን በሲዲ ይዘው መጡ፣ ስንከፍተው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ። ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ) ከመለመዱ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሎቻችንን በላቲኖቹ ቦታ ላይ እንደመሰለው ይደረድር ነበር፤ ፊደላችን ደግሞ በአንድ ፎንት 256 ቦታ ስለማይበቃው አንዳንዱ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፍሎታል። አደራደሩን የሚያውቀው ሠሪው ነው፣ እሱ ከተወው በቃ። እስቲ ክራኩ እዚህ ጋ ምን ይሠራል? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬ ከስልክ ስልክ አማርኛ የምንላላከው ሁሉም የተስማማበት ክፍት ሰንጠረዥ ስላለ ነው። «በነጻ የሚሰጥ ነገር ጥራት የለውም» ለምትለው ወንድሜ ደግሞ፣ አማርኛው ራሱ ነው ያሳሳተህ፤ «ነጻ» ስንል ዋጋውም መብቱም በአንድ ቃል ይገባል። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጮኸው ፕሮግራሙን ስለመጠቀም፣ ውስጡን ስለማየት፣ ስለመለወጥና ስለማካፈል መብት ነው እንጂ ስለ ዋጋ አይደለም፣ እንዲያውም መሸጥም ይቻላል። የእኚያን አባት ጽሑፍ ግን የታተመ ቅጂ ያለውን ያህል ከወረቀት እያየን እንደገና ጻፍነው። የቀረው አሁንም ሲዲው ላይ አለ።