የዴላሜር ኪሳራና የከፈለው ሰው

በኬንያ የነጭ ሰፋሪዎች መሪ የነበረው ሎርድ ዴላሜር ሲወሳ፣ ባዶ መሬት ላይ ሀብቱን አፍስሶ አገሩን ስንዴ ያስለመደ ሰው ተደርጎ ነው። ሀብቱን ማፍሰሱ እውነት ነው። “ባዶ መሬት” የሚለው ግን አይዋጥልኝም።

በ1903 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ባለችው ንጆሮ ላይ 100,000 ኤከር በ99 ዓመት ሊዝ ተሰጠው፤ በእኛ ልኬት ወደ 1,000 ጋሻ ነው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ማሳዮች ከብታቸውን እዚያ ብዙ አያቆዩም ነበር። ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም። ሳሩ ጉልበት ድረስ ሆኖ የዴላሜር በጎች ይመነምኑ ጀመር፦ አፈሩ ኮባልት ያንሰዋል፤ ያለ ኮባልት በበግ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ቫይታሚን ቢ12 አይሠሩም።

ወደ ስንዴ ዞረ፤ የግንድ ዋግ የተባለ የፈንገስ በሽታ መታው። ዋግ ጤዛና ሙቀት ሲገጥሙለት የአገዳውን ቆዳ ሰንጥቆ ዝገት የመሰለ ዱቄት ያወጣል። ወደ ዛላው የሚሄደውን ምግብ ስለሚሻማ ፍሬው ይጨማደዳል፤ በእጅ ሲታሽ አብዛኛው ገለባ ነው። በራሱ ወጪ አዳቃይ ባለሙያ ቀጥሮ ዋግ የሚቋቋም ዘር ማፈላለጉን አልነፍገውም። ዛሬም የኢትዮጵያ የስንዴ ዝርያዎች ዩጂ99 የተባለውን ዋግ መቋቋማቸው ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያው ንጆሮ ነው።

ያላከሰረው እርሻ ግን የቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነበር። በ1907 በሹመት፣ በ1920 በምርጫ ገባ። በዚያ ምርጫ ነጮች 11 ወንበር ሲያገኙ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል የገባው በ1944 ነው። ዴላሜር በ1912 እና 1913 የሠራተኛ ጉዳይ ያጣራ ለነበረው ኮሚሽን፣ አፍሪካዊው በቂ መሬት ካለው ለቅጥር እንደማይመጣ ሳይሸፋፍን ተናግሯል። ሕጎቹም በዚሁ ስሌት ወጡ። በ1915 የሰፋሪው ሊዝ እስከ 999 ዓመት ተራዘመ። በ1918 በሰፋሪ እርሻ ላይ የሚኖር ጭሰኛ በዓመት 180 ቀን ለባለ እርሻው እንዲሠራ ተደነገገ። አረምና አጨዳ ደግሞ ለባለ እርሻውም ለጭሰኛውም ማሳ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የማን ማሳ እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ከ1920 ጀምሮ ኪፓንዴ መጣ፦ የጣት አሻራ፣ የአሠሪ ስምና ደመወዝ የሰፈረበት ወረቀት፣ በቆርቆሮ ማኅደር አንገት ላይ የሚንጠለጠል። አሠሪው የመልቀቂያ ፊርማውን ካላኖረበት ሠራተኛው ሌላ ዘንድ መቀጠር አይችልም፤ ጥሎ ከሄደ ኮብላይ ተብሎ ይከሰሳል። ዴላሜር በ1931 ሲሞት ብዙ የባንክ ዕዳ ነበረበት። ለዕዳው ግን አንገቱ ላይ ቆርቆሮ ያንጠለጠለበት አልነበረም።