የበረኛው የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጉለሌ ጎረቤታችን የነበሩት ጋሼ አረፉና፣ በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። ጋሼ በወጣትነታቸው ስመ ጥር በረኛ ነበሩ፤ የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ኳስ ሰብሯት ተጣማ መቅረቷን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ስንት ዓመት እንደ ተጫወቱ ብጠይቅ ግን ባለቤታቸው ስምንት፣ ወንድማቸው ዐሥራ ሁለት አሉኝ፤ ወደ ቀድሞ ክለባቸው ስደውል የዚያ ዘመን መዝገብ እንደሌለ ተነገረኝ። በመጨረሻ የተነበበው «በኳስ ተጫዋችነትም አገልግለዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የከነከነኝ ወደ እንግሊዟ ከተማ ብሪስቶል ተመልሼ ሥራ ስጀምር ነበር። ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው አዛውንት ክሪኬት የተባለውን፣ ኳስ በእንጨት የሚመታበትን ጨዋታ በራድዮ እየሰሙ የእያንዳንዱን ኳስ ውጤት በእርሳስ የሚጽፉበት ደብተር አላቸው፤ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትም የአገራቸው ልጅ፣ የግሎስተርሺሩ ጃክ ራስል ነው። ራስል ዊኬት ጠባቂ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ፣ መቺው ኳስ እንዳይነካቸው ከሚከላከላቸው ሦስት እንጨቶች በስተኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልብ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1998 ለእንግሊዝ በ54 የቴስት፣ ማለትም አገር ከአገር ለቀናት በሚጋጠምባቸው ግጥሚያዎች ተሰልፏል፤ በ1995 ጆሃንስበርግ ላይ በአንድ ግጥሚያ 11 ኳሶችን ቀልቦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። በዚያው ግጥሚያ የመጨረሻ ቀን ቡድኑ ሊሸነፍ ሲቃረብ፣ 185 ነጥብ ካስቆጠረው ከአምበሉ ማይክል አተርተን ጋር ቆሞ 235 ኳሶችን በመመከት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይወጣ 29 ነጥብ ብቻ አስቆጥሮ ሽንፈቱን አስቀርቷል፤ መቺዎቹ ሁሉ ሳይወጡ ጊዜው ካለቀ ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ያበቃልና። አዛውንቱ ያን ገጽ ገልጠው ሲያሳዩኝ ከዳር እስከ ዳር የእርሳስ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ እያንዳንዷ ጠብታ ምንም ውጤት ያልተመዘገበባት፣ ሰውዬው ግን የመከታት አንዲት ኳስ ናት። ምንም ያልሆነበትን ኳስ እንኳ ጽፈው አስቀምጠዋል!

እንግሊዞችም ቢሆኑ ራስልን አልበደሉትም ማለቴ አይደለም። በመቅለብ የሚወዳደረው ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ሌላው ዊኬት ጠባቂ አሌክ ስቱዋርት በመምታት ይበልጠዋል እየተባለ ደጋግሞ ከቡድኑ ቀርቷል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ተበድሏል የሚለውም አልተበደለም የሚለውም የሚከራከረው ቁጥር ይዞ ነው። እኛ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ መንግሥቱ ወርቁና ኢታሎ ቫሳሎ ያገቧቸውን ጎሎች እንቆጥራለን፤ በዚያ ቀን በረኛችን ስንት ኳስ እንዳዳነ ግን የጻፈ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

ከጋሼ ጋር አብረው ተጫውተዋል የተባሉ አንድ አባት በሕይወት መኖራቸውን ሰምቼ ባለፈው እሑድ ደወልኩላቸው። የዓመቱንም የጨዋታውንም ቁጥር አያስታውሱም። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን፣ «አንድ ነገር ጻፍልኝ ልጄ፤ ጓንት አልነበረውም፣ ያን ሁሉ ዘመን በባዶ እጁ ነው የያዘው» አሉኝ። እኔም ጻፍኩት።