የሆድን በሆድ ይዞ ሐኪም ቤት

ሰው ስለ ደም ግፊቱ ሲያወራ አያፍርም። ስኳሩ ስንት እንደደረሰ አጠገቡ ለተቀመጠ መንገደኛ ሳይቀር ይተርካል። ነገሩ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ግን ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ሆዴን ትንሽ ያዝ ያደርገኛል» ይልና ጣራ ጣራውን ያያል። «ሰገራስ?» ሲባል «ደህና፣ ተመስገን!»

ይህ «ደህና» ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። በቀን ሦስቴ የሚወጣም፣ በሳምንት ሦስቴ የሚወጣም፣ ልማዱ ከሆነና ካላማጠ ጤነኛ ነው። በየማለዳው ካልሆነልኝ የሚለው ግን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይውጣል። መድኃኒቱ አንጀቱን ጠርጎ ባዶ ያደርገዋል፤ በማግስቱ የሚወጣ ነገር ከየት ይምጣ? እሱ ግን «ደረቀብኝ» ብሎ ሌላ ፍሬ ይደግማል።

ለዓይነ አፋሮች እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የብሪስቶል ሠንጠረዥ ትልቅ ውለታ ውሏል። ሰገራን በቅርጹ ከ1 እስከ 7 ይመድባል፦ 1 የተበታተነ ደረቅ እንክብል፣ 7 ውኃ ብቻ፣ 3 እና 4 ደግሞ የሚፈለገው። «ቁጥር 2 ነኝ» ብሎ መገላገል እየተቻለ በእጅ ቅርጽ ለማሳየት መጨነቅ ምን አመጣው?

ሌላው ጀግና ሰው ይሰማኛል ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ነው። የትልቁ አንጀት ዋና ሥራ ውኃ መምጠጥ ነው፤ ሰገራው በዘገየ ቁጥር ውኃው ይመጠጣል፣ ይደርቃል። ቁርስ ሆድ ሲገባ አንጀት ስለሚነቃ፣ ከቁርስ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት የተመቸ ጊዜ ነው። እግርን 20 ሴንቲ ሜትር በሚያህል በርጩማ ላይ ማሳረፍ የታጠፈውን መውጫ ያቃናል። ከ10 ደቂቃ በላይ ከስልክ ጋር መቀመጥ ግን የሚጠቅመው ለኪንታሮት ነው።

ለአዋቂ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር፣ ማለትም በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው ሆድ የማይፈጨው ክፍል፣ ይመከራል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ይጀምራል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ማታ «አሰር አይስማማኝም» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ቀስ እያሉ በሳምንታት፣ ከበቂ ውኃ ጋር መጨመር የሚባለውን ማን ይስማ!

የሚያሳዝነኝ ምርመራው ሁሉ ንጹሕ የሆነለት ሰው ነው። ዘመድ በሙሉ «ምንም የለህም» ይለዋል። የሆድ ሕመሙ ወራት ካስቆጠረ፣ ላለፉት 3 ወራት በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ካመመው፣ ሕመሙም ከሰገራው መለዋወጥ ጋር ከተያያዘ ግን ቁጡ አንጀት የሚባለው ሊሆን ይችላል። አንጀቱ አልቆሰለም፤ በአንጀትና በአንጎል መካከል ያለው የነርቭ ግንኙነት ነው የተዛባው። ሕመሙ እውነተኛ ነው።

ደም የታየበት፣ ሳያስብ የከሳ፣ ደም ማነስ የተገኘበት፣ ተቅማጥ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ወይም ከ50 ዓመቱ በኋላ ልማዱ የተለወጠበት ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ይመርመር። እሱ ግን «ኪንታሮት ነው» ብሎ ፈርዷል። ማን አይቶለት? ራሱ እንዳይባል፣ ዓይኑ ያለው ከፊት ነው።