በሻንጣ የገባ ዘር በሻንጣ አይወጣም

ወገኖቼ፣ መንግሥትን የምንወቅስበት ቀን አናጣም፤ የዛሬው ወቀሳ ግን ለእናንተው ነው። ከውጭ ስትመለሱ የአበባ ዘር በካልሲ ጠቅልላችሁ ለምታስገቡ፣ በኢንተርኔት አዝዛችሁ በፖስታ ለምትቀበሉ፣ «አንድ ፍሬ ዘር ምን ያመጣል?» ለምትሉ።

ምን እንደሚያመጣ ጣናን እዩ። እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ከዚያ ያወጣው ውበቱ ነበር፤ ሐምራዊ አበባውን የወደዱ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ብለው ከአገር አገር አዞሩት። የቪክቶሪያን ሐይቅም ጣናንም ያለበሰው ያው ጌጥ ነው። ጀልባ ያግዳል፣ የዓሣውን አየር ያሳጣል። ነቅለን ጨረስነው ስንል ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ የቆየው ዘር ይበቅላል። ወደ አፋር የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍም በረሃማነትን ይገታል ተብሎ የተተከለ ነው። ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሄዱበት ጣሉት፤ ሣሩ ጠፋ፣ አርብቶ አደሩ ግጦሹን ተነጠቀ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱንም ያመጣቸው ሰው ክፉ አልነበረም። ስለዚህ «በበጎ አስቤ ነው» የሚለውን ምክንያት አታቅርቡልኝ።

ተክል በትውልድ አገሩ የሚበላው ነፍሳት፣ የሚያጠቃው በሽታ አለ። ዘሩ ብቻውን ሲመጣ እነዚያ እዚያው ይቀራሉ፤ አገር በቀሉ ግን ከነጠላቶቹ ነው የሚታገለው። አውስትራሊያ የገባው ቁልቋል ወደ 24 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ወርሶ ነበር። ያንበረከከው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከአርጀንቲና የመጣ የእሳት ራት ነው። «እኛም ነፍሳት እናመጣለና!» የሚል አይጠፋም። ያ ዕድል ነው፤ ለብዙው አረም እንዲህ ያለ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ያልተጠናው ነፍሳት ደግሞ ራሱ ሌላ ወራሪ ነው።

«ስንት ዓመት ተክዬው ከግቢዬ ወጥቶ አያውቅም» የምትሉም አላችሁ። ብዙ ወራሪ ተክል አንዳንዴ አሥርት ዓመታት አድብቶ ኖሮ ነው የሚፈነዳው። አጥራችሁም ወፍንና ጎርፍን አያቆምም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

የምትወዱት አበባ ምንም ጉዳት የሌለው ቢሆን እንኳ አብሮት የተቀላቀለውን አታውቁም። ቅንጨ አረም ከአገር አገር የተጓዘው ከእህል ጋር ተደባልቆ ነው፤ አንዱ ተክል ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ዘር ያፈራል። የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ኬላ ላይ የሚያስቆማችሁን የኳራንቲን ባለሙያ «ለእናቴ ግቢ ነው» እያላችሁ አትለማመጡት። ሥራውን ይሥራበት!

እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰዎች ያላዘዙት ዘር በፖስታ ደርሷቸው ነበር። የግብርና ባለሥልጣናቱ ያሏቸው «አትትከሉት፣ አትጣሉት፣ አምጡልን» ነው። እናንተም መሳቢያችሁን ክፈቱ። ያልተመረመረ ዘር ካገኛችሁ ቆሻሻ ላይ አትድፉት፣ ወንዝ ውስጥም አትጣሉት፣ ለጎረቤትም አታካፍሉ። ከነማሸጊያው በላስቲክ አስራችሁ በቅርብ ላለው የግብርና ጽሕፈት ቤት አስረክቡ። የተከላችሁት ካለ ደግሞ አበባው ወደ ዘር ሳይለወጥ ከሥሩ ንቀሉት፤ ከየት እንዳመጣችሁትም ለባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩ።