ሺጋትሴ ስንት ከተማ ናት?

በ2017 የገና ዕለት፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ገደማ፣ ቲቤት በርዕደ መሬት ተመታች። ቻይና መጠኑን 6.8 ስትል አሜሪካኖቹ 7.1 አሉ። ቢያንስ 126 ሰው ሞተ። ዜናውን በእንግሊዝኛ የተከታተለ ሰው ግን ቦታው የት እንደሆነ ለመለየት ሳይቸገር አልቀረም። አንዱ ወረዳውን «ቲንግሪ» ይላል፣ ሌላው «ዲንግሪ»። ወረዳው ያለበት ሺጋትሴም አንዴ በኤክስ ተጀምሮ «ሺጋዜ»፣ አንዴ ደግሞ «ሪካዜ» ይሆናል። ሦስት ከተማ ይመስላል። አንድ ናት፤ በቲቤት ቡድሂዝም ከዳላይ ላማ ቀጥሎ የሚከበረው መሪ፣ የፓንቼን ላማ፣ መቀመጫ የሆነው የታሺ ሉንፖ ገዳም ያለባት፣ የቲቤት ሁለተኛዋ ከተማ።

ጣጣው የሚጀምረው ከቲቤት ጽሕፈት ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ስለቆየ ዛሬ በንግግር የማይሰሙ ፊደሎችን ይዟል። ሺጋትሴ እንኳ ስትጻፍ ፊቷ ላይ የማይነበብ «ግ» አለ። አሜሪካዊው ምሁር ተረል ዋይሊ በ1959 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ሁሉንም ፊደል አንድ በአንድ ይገለብጣል። ለምሁራን ግሩም ነው፤ ለጋዜጣ አንባቢ ግን ምላስ ያስራል። የቻይና መንግሥት ዘዴ ድምፅን ይከተላል፣ ግን ለላቲን ፊደሎቹ የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ኤክስ «ሽ» ትሆናለች። በ«ዲ» የሚጻፈውን ደግሞ የእንግሊዝ ጆሮ «ት» ብሎ ይሰማዋል። ቲንግሪና ዲንግሪ የተለያዩት በዚህ ነው። «ሪካዜ» ግን የቲቤቱ ስም በቻይንኛ ፊደል ተጽፎ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላቲን የተገለበጠ ነው። እኔ ይሄኛውን አልወደውም። የቀሩት ብዙ አያስጨንቁኝም፤ አዘጋጁ አንባቢው የሚያውቀውን መርጦ ሌላውን አንዴ በቅንፍ ቢያስገባ ይበቃል።

«ሺዛንግ» ግን ከእነዚህ ጋር አይደመርም። ቤጂንግ በተለይ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእንግሊዝኛ ሰነዶቿ «ቲቤት» በሚለው ፋንታ የምትጽፈው ይህንን ነው። ስሙ የሚያመለክተው በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ራስ ገዝ ክልል ነው። ቲቤታውያን «ቲቤት» ሲሉ ግን አምዶና ካም የሚባሉትን አካባቢዎችም ይጨምራሉ፤ የእነዚህ አብዛኛው ክፍል ዛሬ ቺንግሃይ፣ ሲቹዋን፣ ጋንሱና ዩናን በተባሉት የቻይና ክፍላተ ሀገር ውስጥ ነው። ስሙን የተቀበለ ጋዜጣ ካርታውንም አብሮ ተቀበለ ማለት ነው። ፓሪስ ያለው የኬ ብራንሊ ሙዚየም በ2024 እ.ኤ.አ. ይህን ስም በመጠቀሙ ቲቤታውያን ተቃወሙት። ሙዚየሙም ወደ «ቲቤት» ለመመለስ ተስማማ።