ዲሊ ኖክስን ምስጢር ፈቺ ያደረገው ግሪክኛ ነው?

የሥነ ጽሑፍ መምህሩ፦ አዎ፣ ግሪክኛ ነው። እንግሊዛዊው ኖክስ የካምብሪጅ የጥንት ግሪክ ምሁር ነበር። የጥንቱን ግሪካዊ ባለቅኔ የሄሮዳስን ግጥሞች ከተቦጫጨቀ ፓፒረስ (ከጥንት የሸምበቆ ወረቀት) ላይ ዓመታት ለቅሟል። የጠፋውን ቃል በግጥሙ ምትና በቀሩት ፊደላት እየገመተ ይሞላል። ምስጢር መፍታት ከዚህ በምን ይለያል? በ1ኛው የዓለም ጦርነት በአንድ የጀርመን መልእክት ውስጥ የሚደጋገም የቃል መጨረሻ አየና ግጥም መሆኑን ጠረጠረ። የጀርመናዊው ባለቅኔ የሺለር ግጥም ሆኖ ተገኘ። ሒሳብ አላስፈለገውም።

የሒሳብ መምህርቷ፦ «ሒሳብ አላስፈለገውም» አሉ? መምህር፣ ወደ ኢኒግማ ይምጡ እንጂ! የጀርመን ጦር በዚህ ማሽን ነበር ምስጢሩን የሚጽፈው። የውስጥ ሽቦውን በ1932 (እ.ኤ.አ.) በቀመር ያወጣው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሰው ማሪያን ሬየቭስኪ ነው። ኖክስ በሐምሌ 1939 ዋርሶ አጠገብ ፒሪ ድረስ ሄዶ መልሱን ከፖላንዶቹ ሰማ። ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው፣ የፊደል ቁልፎቹ ከማሽኑ ውስጥ ጋር የሚገናኙበት የሽቦ አቀማመጥ፣ ተራ የኤ፣ ቢ፣ ሲ ቅደም ተከተል ነበር። በንዴት ጦፈ። ግሪክኛው የት ነበር?

መምህሩ፦ ተናደደ፣ ከዚያስ? ሬየቭስኪም ያንን ቅደም ተከተል በቀመር አላገኘውም። ገምቶ ነው! መገመት ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። ኖክስ በ1937 በስፔን ጦርነት ጣልያኖች ይጠቀሙበት የነበረውን ኢኒግማ ፈትቷል። ዕድሜዬን የሰጠሁበትን ትምህርት «የት ነበር» ብሎ መጠየቅ ያሳዝናል።

መምህርቷ፦ ትምህርትዎን አልነካሁም። «ሒሳብ አላስፈለገውም» ያሉትን ግን አሁንም አላነሱትም። የ1937ቱ ማሽን መሰኪያ ሰሌዳ (ፊደላትን በገመድ የሚያቀያይረው ክፍል) የሌለው፣ ቀለል ያለው ነው። ሬየቭስኪ የሰበረው ሰሌዳ ያለውን ነው። ደግሞ ሁለታችንም ኖክስ፣ ኖክስ እንላለን። በ1941 በእንግሊዝ የምስጢር መፍቻ ማዕከል፣ በብሌችሊ ፓርክ ውስጥ፣ የጣልያንን ባሕር ኃይል መልእክት የፈታችው ማቪስ ሊቨር የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። ጣልያን በግሪክ ባሕር ዳርቻ ማታፓን ላይ 5 የጦር መርከቦች ያጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ግሪክኛ አልተማረችም፤ ጀርመንኛ ነው ያጠናችው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ጀርመንኛ ቋንቋ አይደለም እንዴ? ለእኔ እኮ ነው የመሰከሩልኝ! ልጅቷን አምኖ ሥራውን የሰጣትም ኖክስ ነው።

መምህርቷ፦ ሲጀምሩ ግሪክኛ ነበር፤ አሁን ቋንቋ ሁሉ ሆነ። ይሁን። በ1941 መጨረሻ የጀርመን የስለላ ድርጅት ኢኒግማ ሲሰበር፣ ከኖክስና ከማቪስ ጋር ማርጋሬት ሮክ ነበረች። እሷ የተማረችው ሒሳብ ነው። እሷንም አምኖ ሥራውን የሰጣት ኖክስ ራሱ ነው።